የሳፈንቪሉ ቄስና የሮሜ መልእክት

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1911 ዓ.ም. የ25 ዓመቱ ወጣት ካርል ባርት፣ በበርሊን ከሃርናክ፣ በማርቡርግም ከሄርማን የቀሰመውን የነገረ መለኮት ትምህርት ይዞ፣ በስዊዘርላንድ በአርጋው አውራጃ ወደምትገኘው ወደ ሳፈንቪል በቄስነት ሲገባ ያገኛቸው ምእመናን ገበሬዎችና በፋብሪካ በጥቂት ደመወዝ የሚያድሩ ሠራተኞች ነበሩ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ያችን መንደር ትቶ ሲወጣ ግን የአውሮፓን ነገረ መለኮት ያናወጠው የሮሜ መልእክት ትርጓሜ መጽሐፉ ተጽፎ አልቆ ነበር። ሊቃውንት የዚህን መጽሐፍ ምንጭ በኪርክጋርድና በዶስቶየቭስኪ ዘንድ ሲፈልጉት ይገኛሉ፤ እኔ ግን ዋናው ምንጩ በየእሑዱ ይጠብቀው የነበረው የመንደሩ አትሮንስ ነው ባይ ነኝ።

ቄሱ ገና በመጀመሪያው ዓመት በሠራተኞች ማኅበር ፊት ስለ ኢየሱስ ክርስቶስና ስለ ማኅበራዊው እንቅስቃሴ ያደረገው ንግግር በጋዜጣ ታትሞ በወጣ ጊዜ፣ ከመንደሩ ባለፋብሪካዎች አንዱ በ1912 ዓ.ም. በሌላ ጋዜጣ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ነቀፈው፤ እርሱም በአደባባይ መለሰለት። በዩኒቨርሲቲ ወንበር ተቀምጦ የሚጽፍ ሊቅ የሚከራከረውን ሰው ፊት ዕድሜውን ሙሉ ላያይ ይችላል፤ የመንደር ቄስ ግን በጋዜጣ የተከራከረውን ሰው ዘመድ ይቀብራል፣ ልጁን ያጠምቃል፣ በመንገድም ሲገናኘው ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለዋል። ቃሉ ክብደት የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ዳሩ ግን ለዘመኑ ወሬ ፈጥኖ መልስ የመስጠት ፈተናም ከዚያው ይመጣል። ባርት በኋላ ለተማሪዎቹ እንደ ተናዘዘው፣ ታይታኒክ የተባለችው መርከብ በሰጠመች ጊዜ ያንኑ አደጋ የእሑድ ስብከቱ ርእስ አድርጎት ነበር፤ በ1914 ዓ.ም. ታላቁ ጦርነት ሲነሣም ስብከቱ ሁሉ የጦርነት ነገር ሆነ፤ በመጨረሻም አንዲት ሴት ወደ እርሱ ቀርባ፣ እስቲ ደግሞ ስለ ሌላ ነገር ይንገሩን ስትል ለመነችው። ሰባኪው የጋዜጣውን ወሬ ሲያስተጋባ፣ ለመስማት የመጣችው ነፍስ ከጋዜጣ የማይገኘውን ቃል ተርባ ነበር። ከሊቃውንት ሂስ ሁሉ ይልቅ የዚህች ሴት ልመና በእኔ ሚዛን ከባድ ነው። በዚያው ዓመት ሃርናክና ሄርማን የጀርመንን የጦርነት ዓላማ በሚደግፈው የ93ቱ ምሁራን መግለጫ ላይ ስማቸውን አኑረው በተገኙ ጊዜ፣ ደቀ መዝሙሩ ከእነርሱ የወረሰው ትምህርት ሁሉ መሠረቱ ተናጋ።

እንግዲህ በ1916 ዓ.ም. የጳውሎስን የሮሜ መልእክት ገልጦ፣ በሎይትቪል መንደር ቄስ ከነበረው ከወዳጁ ከኤድዋርድ ቱርናይዘን ጋር ደብዳቤ እየተጻጻፈ፣ ንባቡን ቃል በቃል እየተከተለ መተርጐም ጀመረ። የመጻሕፍት ትርጓሜን ጉባኤ ቤት ለሚያውቅ የአገራችን አንባቢ ይህ አካሄድ እንግዳ አይሆንበትም፤ ለዚያ ዘመን የጀርመን ሊቃውንት ግን ሐዋርያውን እንደ ጥንት ሰነድ መመርመሩን ትቶ አሁን እንደሚናገር አድርጎ ማዳመጥ ድፍረት ነበረ። የመጀመሪያው እትም፣ አንዳንድ የስዊስ አሳታሚዎች እንቢ ካሉት በኋላ፣ በበርን ከተማ በ1,000 ቅጂ ታተመ፤ ደራሲው ግን አልረካበትምና ከሥሩ አፍርሶ እንደ ገና ጻፈው። በሁለተኛው እትም ዘላለምና ጊዜ በማይሻገር ገደል ተለያይተው ይቆማሉ፤ እግዚአብሔር የሰው ሃይማኖት እንኳ የማይደርስበት ፍጹም ሌላ ሆኖ ይገለጣል።

ታላቅነቱ እንደ ተጠበቀ ሆኖ ነቀፌታዬን አልሸሽግም። መጽሐፉ በሠራተኞችና በገበሬዎች መካከል በተጨነቀ ሰባኪ ልብ ተፀንሶ ሳለ፣ ቋንቋው ያ የፋብሪካ ሠራተኛ ሊያነበው እስከማይችል ድረስ ረቀቀ፤ ጥያቄውን የሰጡት የመንደር ሰዎች መልሱን የሚቀበሉበት በር ጠበበባቸው። የሁለተኛው እትም መቅድም በሳፈንቪል በመስከረም 1921 ዓ.ም. ተጽፎ፣ ቄሱ በተከታዩ ወር ወደ ጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ሆኖም ዓለም ያወቀው ሊቅ ከሆነና ከሸመገለ በኋላ፣ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በባዝል እስር ቤት እየተገኘ ለእስረኞች አጭርና ግልጽ ስብከት ይሰብክ ነበር፤ ከእነዚህም ስብከቶች የተሰበሰቡት በ1959 ዓ.ም. ታትመው ወጥተዋል።