የመዓዛ ጥበብና የባለሙያው ስም

ስለ ኪነ ጥበብ በተነሣ ቁጥር ሥዕሉም፣ ዜማውም፣ ቅኔውም፣ ተውኔቱም በየፈርጁ ይወሳል፤ ለእያንዳንዱም ሐያሲ አለው። በአፍንጫ የሚዳኘው ጥበብ ግን እስከ ዛሬ ከሸቀጥ ተራ አልወጣም። ይህ ዝንጋታ ያስከተለውን ጉዳት ለመገንዘብ ከመርካቶ መነሣት ይበቃል።

መርካቶ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሺስት ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ እንዲዛወር ከተደረገ ወዲህ የተስፋፋ ነው። በእህል በረንዳ ጤፉና ስንዴው በኩንታል ሲራገፍ፣ በዚያው ሰፊ ገበያ ውስጥ ዕጣኑ፣ ከርቤው፣ ወገርቱ፣ ቀበርቾውና አሪቲው በጥቂት በጥቂቱ ተሰፍሮ ይሸጣል። ገዢዋ ይዛው የምትሄደው ጥሬ ዕቃ ነው፤ ጥበቡ ከእናቷ የወረሰችው ነው። ለጠላው ጋን ጥንጁት፣ ለወተቱ ዕቃ ወይራ፣ ለፀጉር ቅቤ አደስ፣ ለገላ ጢስ ወይባ እንደሚስማማ ታውቃለች። ዕጣን በጋለ ፍም ላይ በብዛት ቢጣል መዓዛው ተቃጥሎ ጉሮሮ የሚከረክር ጢስ ብቻ እንደሚቀር ስለምትረዳ፣ እየቆነጠረች ትጨምራለች። መጠንን፣ ቅደም ተከተልንና ጊዜን የሚጠብቅ ሥራ ሁሉ ቅርጽ አለው፤ ቅርጽ ያለውም ሥራ ሂስ ይገባዋል።

የቤተሰብ ሙያና የዘመናዊ ሽቶ ፋብሪካ በግልጽ የተገናኙት በዝባድ ነው። የእናርያ ዝባድ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበሩ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጽሑፍ ከወርቁ ጋር ተወስቷል። በጅማ፣ በከፋ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ ጥርኝ የሚያረቡ ገበሬዎች በየዘጠኝ ቀኑ ገደማ ዝባዱን እየጨለፉ፣ በቀንድ እየሞሉ ለነጋዴ ያስረክባሉ። ዝባድ ብቻውን ሲሸተት ያስጠላል፤ በኢምንት መጠን ሲገባ ግን ሌላውን መዓዛ ያዋሕዳል፣ ዕድሜውንም ያረዝማል። ቀንዱ ግራስ እስከምትባለው የፈረንሳይ የሽቶ ከተማ ተጉዟል። አውሮፓውያን ለዝባድ የሰጡት ስም እንኳ «ዘባድ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የዝባድን ዋና መዓዛ ኬሚካዊ አሠራር ገለጠ፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሠራሹ ተተኪ ገበያውን እየያዘ ሄደ። የቀማሚው ስም በጠርሙሱ ላይ ተጻፈ፤ የገበሬው ስም የትም አልተጻፈም።

ይሁን እንጂ ቅርስ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ነገር አይወደስም። ጥርኙ መገላበጫ በማይሰጥ ጠባብ ጎጆ ተዘግቶበት ይኖራል፤ ይህን «የአባቶች ጥበብ» ብሎ ማለፍ ሂስን መሸሽ ነው። የዕጣኑም ዛፍ እንዲሁ ነው። በትግራይና በመተማ የሚበቅለው ዛፍ ያለ ዕረፍት እየቆሰለ፣ ችግኙም በሰደድ እሳትና በልቅ ግጦሽ እየጠፋ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ዛፉ ካለቀ ሙያው የሚሠራበት ነገር አይኖረውም።

ቅርስን ከዘመናዊነት ጋር አዋሕዳለሁ የሚል የሽቶ ቤት እንግዲህ በዚህ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። ከውጭ ተቀምሞ የመጣ ፈሳሽ ላይ የጀበና ወይም የላሊበላ ሥዕል መለጠፍ ውሕደት አይባልም፤ ልብስ ማልበስ ብቻ ነው። ውሕደት የሚጀምረው የእናቶች ቅንብር በሚዛን ተለክቶ በጽሑፍ ሲሰፍር፣ ዛፉ ዕረፍት ሲያገኝ፣ ጥርኙ ከስቃይ ሲድን፣ ዕጣኑን በእጃቸው እያበጠሩ በደረጃ የሚለዩት ሴቶችም የሙያው ባለቤቶች ተብለው ሲጠሩ ነው።

መምህሩ የተማሪውን አፍንጫ እንደ ዓይኑ ሁሉ ያስተምር፤ የባህል ሠራተኛውም የየአገሩን ጢስና ቅመም እንደ ተረትና ምሳሌው ይሰብስብ። ዜማ በምልክት ተጽፎ ከዘመን ዘመን ተሻግሯል። የእናቶች ቅንብር ግን ጸሐፊ ካላገኘ፣ ከአንዲት ባለሙያ ጋር አብሮ ይቀበራል።