ስንት ለስንት? የኮሌጅ ስፖርት ተራኪን ሥራ ስለ መመዘን

በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ተራኪ የሚባለው የአንድን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስና የቅርጫት ኳስ ጨዋታዎች ከሜዳው ሆኖ በሬዲዮ በቀጥታ የሚያስተላልፍ፣ ብዙውን ጊዜም ዕድሜውን በአንድ ግዛት ውስጥ ለአንድ ቡድን ደጋፊዎች ሲናገር የሚያሳልፍ ባለሙያ ነው። የዚህ ባለሙያ ሥራ ዛሬ የሚመዘንበት መንገድ እጅግ የተበላሸ ነው። ተራኪ የሚቀጥሩ ኃላፊዎች፣ የሚያስተምሩ መምህራንና ተለማማጆቹ ራሳቸው የሚያደንቁት በጨዋታው ማብቂያ የተሰማን የሃያ ሰከንድ ጩኸት ነው፤ ለሥራ የሚያመለክተው ወጣትም ይህን ስለሚያውቅ ከዓመት ሥራው ውስጥ ጉሮሮው የተሰነጠቀባቸውን ቅጽበቶች ብቻ ለቅሞ የሁለት ደቂቃ ቅጂ ያዘጋጃል፤ በዚያም ይመሰገናል። ነገር ግን በደስታ መጮህ ትኬት ገዝቶ የገባ ደጋፊ ሁሉ የሚችለው ነገር ስለሆነ፣ የባለሙያነት መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ድምፅ ጥርት ማለት እንዳለበት፣ የተጫዋቾች ስም ሳይዛነፍ መጠራት እንዳለበት፣ ተራኪው ከጨዋታው በፊት የሁለቱን ቡድኖች ስምና ቁጥር በሰሌዳ ላይ ጽፎ መዘጋጀት እንዳለበት እዚህ መዘርዘር፣ ወጥ ጨው እንደሚያስፈልገው ለባለሙያ እንደ መንገር ይቆጠራል። ጥሩውን ሥራ ከመጥፎው የሚለየው ምልክት ሌላ ነው፤ እሱም ተራኪው ውጤቱንና የቀረውን ሰዓት የሚናገርበት ድግግሞሽና አነጋገር ነው። በዚህ ረገድ ጉድለት ያለበት ትረካ ሌላው ነገሩ ሁሉ ቢያምርም መጥፎ ሥራ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ከውጭ ገብቶ ጨዋታ ከሚከታተል ሰው አጠገብ ሲቀመጥ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚያወጣው ቃል «ስንት ለስንት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱን ያላገኘ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማውን አንዱንም ነገር በቦታው ሊያስቀምጠው አይችልም። የሬዲዮ አድማጭ ደግሞ አጠገቡ የሚጠይቀው ሰው የለውም። በመኸር ወራት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚሲሲፒ ወይም በካንሳስ ሬዲዮ የሚከፍተው ሰው ብዙ ጊዜ መኪና የሚነዳ፣ ሱቅ የሚጠብቅ ወይም እርሻው ላይ ያለ ሰው ስለሆነ፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይሰማም፤ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ለአሥር ደቂቃ ወርዶ ይመለሳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ደቂቃ ውስጥ አዲስ የገባ አድማጭ አለ፤ ይህን አድማጭ የረሳ ተራኪ ጨዋታውን የሚያየው ለራሱ ነው ማለት ነው።

ይህን እውነት በአጭሩ የተናገሩት እ.ኤ.አ. በ1953 የሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዱዲ ኖብል ናቸው። ወጣቱ ጃክ ክሪስቲል የቡድኑ ተራኪ ሆነው ሲቀጠሩ ኖብል የሰጧቸው መመሪያ፣ ውጤቱ ስንት እንደሆነ፣ ኳሱ በማን እጅ እንዳለና ስንት ሰዓት እንደቀረ ለሕዝቡ ይንገሩ፣ የቀረውን ወሬ ይተዉት የሚል ነበር። ክሪስቲል በዚህ መመሪያ ላይ ቆመው እስከ 2011፣ ማለትም ለ58 ዓመታት አገለገሉ። የዛሬ ማሠልጠኛዎች በብዙ ወራት ትምህርት የሚሰጡት ነገር ከዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር የሚበልጥ ቁም ነገር ሲኖረው አይታይም።

ሬድ ባርበር የሚባሉት ታላቅ ተራኪ ደግሞ የማስታወስን ጉዳይ ለራሳቸው ልቡና እንኳ አላመኑም። ባርበር በ1930 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሬዲዮ የገቡት የቀሩ መምህርን ተክተው ስለ ላሞች መውለድ የተጻፈ ጥናት በማንበባቸው ነበር፤ በዚያው ጣቢያም የዩኒቨርሲቲውን ቡድን ጨዋታዎች ማስተላለፍ ጀመሩ፤ በ1934 ወደ ሲንሲናቲ፣ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ሄደው በቤዝቦል ትረካ ዝናን አተረፉ። በሥራቸው ጠረጴዛ ላይ ዕንቁላል ለመቀቀል የምታገለግል፣ በሦስት ደቂቃ የምታልቅ ትንሽ የአሸዋ ሰዓት ያስቀምጡ ነበር፤ አሸዋው ፈስሶ ባለቀ ቁጥር ውጤቱን ተናግረው ይገለብጧታል። የዚህ ሙያ ትክክለኛ መለኪያ ከዚያች መሣሪያ የተሻለ አልተገኘም። እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፦ ውጤቱ ሳይነገር ሦስት ደቂቃ ያለፈበት ትረካ ጉድለት ያለበት ሥራ ነው፤ በቅርጫት ኳስ ደግሞ ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ውጤቱ ወዲያው ካልተከተለ ሦስቱ ደቂቃ ራሱ ይበዛል።

ጉድለቱ በአራት መልክ ስለሚገለጥ መዛኙ አራቱንም ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። አንደኛው ፈጽሞ አለመናገር ነው፤ ይህ ግልጽ ስለሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ሁለተኛው ልዩነቱን ብቻ መናገር ነው፤ «በሦስት ነጥብ ይመራሉ» የሚል ተራኪ ጨዋታው 9 ለ6 ይሁን 81 ለ78 ሳይናገር ስለሚያልፍ አድማጩ የጨዋታውን ዓይነት ሊገምት አይችልም። ሦስተኛው ውጤቱን ያለ ሰዓት መናገር ነው፤ አሥር ነጥብ መምራት ገና ሠላሳ ደቂቃ ሲቀር ቀላል ነገር፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ግን ድል የሚያክል ነገር ስለሆነ፣ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ የሌለው ዜና ግማሽ ዜና ነው። አራተኛውና እጅግ የተስፋፋው ውጤቱን አብሮ ከሚቀመጠው ተንታኝ ጋር በሚደረግ ወሬ መሀል በጥድፊያ መዋጥ ነው፤ ቁጥሩ በእርግጥ ተነግሯል፣ የሰማው ግን የለም። በትክክል የሚሠራ ተራኪ ግን ከውጤቱ በፊት ትንሽ ያርፋል፣ የሁለቱንም ቡድኖች ስም ይጠራል፣ ሰዓቱን ያስከትላል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ወሬው ይመለሳል።

በአሜሪካ እግር ኳስ ከእነዚህ ሌላ የቦታ ጉዳይ ይጨመራል። በዚህ ጨዋታ ኳስ የያዘው ቡድን አሥር ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ ብቻ ስላለው፣ አድማጩ ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ፣ ስንት ያርድ እንደቀረና ኳሱ በስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ ካልተነገረው ከባዶ የሕዝብ ጫጫታ በቀር የሚሰማው ነገር የለም።

ይህን ጉድለት የሚከላከሉ ሰዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ፤ ሁለቱም አያዋጡም። የመጀመሪያው ውጤትን ደጋግሞ መናገር ያሰለቻል የሚል ነው፤ ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያዳምጥ ሰው እንደ ደወል ለምዶት ያልፈዋል፣ አዲስ የገባው ግን እሱን ብቻ ይጠብቃል፤ ስለዚህ የአንዱ ጥቅም የሌላው ጉዳት አይደለም። ሁለተኛው ዛሬ ውጤት በስልክ ይታያል የሚል ነው፤ መኪና የሚነዳ ሰው ግን ስልኩን ማየት የለበትም፣ በስልክ የመጣ ቁጥርም ከጨዋታው ተነጥሎ የቆመ ቁጥር እንጂ ትረካ አይደለም። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ይመስላል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተላለፍ መብታቸውን በጥቅል እየገዙ ማስታወቂያ ለሚሸጡ ድርጅቶች መስጠት ጀመሩ፤ በ1972 በሚዙሪ የተቋቋመው ሊርፊልድ ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህ አሠራር ለሙያው ገንዘብ አምጥቷል፤ ነገር ግን ቀድሞ ውጤት ይነገርባቸው የነበሩትን ትንንሽ ዕረፍቶች የስፖንሰሮች ስም ወርሷቸዋል። ማስታወቂያው ይነበብ፤ ውጤቱ ግን ይቅደመው።

ታላላቅ የሚባሉት ጩኸቶችም ቢሆኑ በጥንቃቄ ሲደመጡ የሚመሰክሩት ለዚሁ ሕግ ነው። በኅዳር 1980 የጆርጂያና የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች በጃክሰንቪል ሲጫወቱ ፍሎሪዳ 21 ለ20 እየመራች አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀር፣ ሊንዚ ስኮት የተወረወረለትን ኳስ ይዞ 93 ያርድ በሸፈነ ሙከራ ነጥብ አስቆጠረ፤ ጆርጂያም 26 ለ21 አሸነፈች። ከ1966 እስከ 2008 የጆርጂያ ተራኪ የነበሩት ላሪ ሙንሰን በዚያ ቀን ተጫዋቹን በስሙ እየጠሩ ሩጥ ማለታቸውን ሁሉም ያስታውሳል፤ ተለማማጆችም ያንን ልመና ብቻ ይኮርጃሉ። የትረካው አጥንት ግን ቁጥር ነው፤ ሙንሰን ተጫዋቹ ያለፋቸውን የያርድ መስመሮች እስከ መሀል ሜዳ እየጨመሩ፣ ከዚያ ወዲያ እየቀነሱ ስለቆጠሩ፣ በጨለማ የተቀመጠ አድማጭ እንኳ ሯጩ ስንት እንደቀረው ያውቅ ነበር። ሙንሰን ለቡድናቸው በግልጽ ያደሉ፣ «እኛ» እያሉ የሚናገሩ ሰው ነበሩ፤ ቁጥሩን የሚያሟላ ተራኪ ይህ ድክመት ሊታለፍለት ይችላል፣ ቁጥሩን የማያሟላ ግን አይታለፍለትም።

ከዚህ ወገንተኝነት ርቀው የቆሙት የኬንታኪው ካውድ ሌድፎርድ ናቸው። ሌድፎርድ ከ1953 ጀምሮ ለ39 ዓመታት የኬንታኪን ጨዋታዎች ሲያስተላልፉ ቡድኑ ሲያጠፋ ጥፋቱን አይሸፍኑም ነበር፤ በጨዋታው መክፈቻ ላይም ቡድኑ የሚያጠቃበትን አቅጣጫ በሬዲዮው መደወያ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እያሉ ስለሚያመለክቱ፣ አድማጩ የገዛ ሬዲዮውን እንደ ሜዳ አድርጎ ያየው ነበር። የመጨረሻ ጨዋታቸው መጋቢት 1992 በፊላደልፊያ ከዱክ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተደረገው የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ነው። ኬንታኪ 103 ለ102 እየመራች 2.1 ሰከንድ ሲቀር፣ ክርስቲያን ሌትነር ሜዳውን ያቋረጠ ረጅም ኳስ ተቀብሎ ዞሮ አስቆጠረና ዱክ 104 ለ103 አሸነፈች። ከዚህ ታሪክ ላይ ሦስቱን ቁጥሮች አውጥቶ ማንበብ ለመዛኙ ጥሩ ልምምድ ነው፤ ያለ እነሱ የቀረው አንድ ረጅም ሰው ኳስ ቅርጫት ውስጥ አስገባ የሚል ተራ ወሬ ብቻ ነው። ከጨዋታው በኋላ የዱክ አሠልጣኝ ማይክ ሽሸቭስኪ ወደ ኬንታኪ የሬዲዮ ጠረጴዛ መጥተው፣ ማዳመጫውን አጥልቀው ለተሸናፊው ቡድን አድማጮች ስለ ሌድፎርድ ክብር ተናገሩ።

እንዲህ ያሉ ሰዎች የኖሩት ኑሮ የሥራቸው መሠረት ስለሆነ ሳይጠቀስ አይታለፍም። የካንሳሱ ማክስ ፎከንስቲን በ1946 ጀምረው እስከ 2006 ለ60 ዓመታት ሲሠሩ፣ በ1984 ዋናው የትረካ ወንበር ለሌላ ሰው ሲሰጥ አኩርፈው አልሄዱም፤ የተንታኝነቱን ቦታ ተቀብለው ከሃያ ዓመት በላይ ከአዲሱ ተራኪ ጎን ተቀመጡ። የሰሜን ካሮላይናው ውዲ ደርሃም ከ1971 እስከ 2011 ባገለገሉበት ዘመን ደጋፊዎች የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍተው፣ ምስሉን እያዩ እሳቸውን በሬዲዮ ይሰሙ ነበር፤ ጨዋታው ሲጠብቅም ደርሃም እያንዳንዱ አድማጭ ወደ ለመደው ቦታ ሄዶ የለመደውን እንዲያደርግ ይነግሩ ስለነበር፣ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ የዕድል ወንበራቸውን ይይዙ ነበር። ይህን የመሰለ ባለሙያ የመናገርን ችሎታ ቀስ በቀስ በሚነጥቅ የአንጎል ሕመም ተይዞ በ2018 ማረፉ ሙያውን ለሚወዱ ሁሉ መሪር ነው።

የስመ ጥሮቹ ዕጣ ግን የጥቂቶች ነው። በትንሽ ኮሌጅ የሚሠራ ተራኪ ብዙ ጊዜ ቀን በጣቢያው ማስታወቂያ ይሸጣል፣ ማታ ዕቃውን ራሱ ተሸክሞ ይዘረጋል፣ ያለ ተንታኝ ብቻውን ሁለት ሰዓት ይናገራል፣ ከዚያም ከቡድኑ ጋር በአውቶቡስ ሌሊቱን ተጉዞ በነጋታው ሥራ ይገባል፤ የበዓላትን ሰሞን ከቤተሰቡ ርቆ በውድድር ቦታ ያሳልፋል። እንዲህ ያለው ሰው ሁለት መቶ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ የማክሰኞ ምሽት የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሲያስተላልፍ ውጤቱን በየነጥቡ የሚናገር ከሆነ፣ ሰባ ሺህ ሰው ፊት ከሚጮኸው ይልቅ ባለሙያው እሱ ነው።

ስለዚህ ተራኪ የሚቀጥር ኃላፊም ሆነ ሥራውን የሚያርም ተለማማጅ የተመረጠ ቅጂ መቀበል አይገባውም። ልዩነቱ በሰፋ፣ አሸናፊው በታወቀ፣ ተራኪው ራሱ በደከመበት ጨዋታ መሀል ያለ ያልተቆራረጠ የአሥር ደቂቃ ቅጂ ይጠየቅ፤ መዛኙም ስለ ጨዋታው አስቀድሞ ምንም የማያውቅ ሰው ይሁን፤ የሦስት ደቂቃ አሸዋም ይገልበጥ። አሸዋው ሳያልቅ ያ ሰው ማን ከማን እንደሚጫወት፣ ስንት ለስንት እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደቀረ ለጎረቤቱ መንገር ከቻለ ሥራው ጥሩ ነው። መንገር ካልቻለ ግን ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ቅጂው ለባለቤቱ ይመለስ።