ትከሻው የት ገባ?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በቪዲዮ ካሴት የተቀረጹ የጭፈራ ክሊፖች ዛሬ የሚታዩት ወደ ኮምፒዩተር ፋይል ተለውጠው ነው። ሥዕሉ ሲደበዝዝና ሲንቀጠቀጥ ተመልካቹ «ካሴቱ አርጅቶ ነው» ብሎ ያልፋል። ካሴት ማርጀቱ አይካድም፤ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ቀለሙም ይሸሻል። ሆኖም ከጉዳቱ ከፊሉ የደረሰው ካሴቱ በመደርደሪያ ላይ ሳለ ሳይሆን በተገለበጠበት ሰዓት ነው።

ኢትዮጵያም ኬንያም ይጠቀሙበት የነበረው ፓል የተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በሴኮንድ 25 ሥዕል ያሳያል ይባላል። የዘመኑ የቪዲዮ ካሜራ በእርግጥ ይይዝ የነበረው ግን 50 ግማሽ ሥዕሎችን ነው። አንዱ ግማሽ 1ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን መስመር እያለ ሲይዝ፣ ከሴኮንድ 1/50ኛ በኋላ የሚከተለው 2ኛውን፣ 4ኛውንና 6ኛውን ይይዛል። የኮምፒዩተር መስኮት ሙሉ ሥዕል እንጂ ግማሽ ስለማያውቅ ለዋጩ መወሰን ግድ ይሆንበታል። ሁለቱን እንዲሁ ቢያጣምራቸው የሚንቀሳቀሰው አካል ጠርዙ የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል። አንዱን ግማሽ ቢጥል ሥዕሉ ይጠራል፤ የእንቅስቃሴው እኩሌታ ግን አብሮ ይጣላል። ዜና አንባቢ ላይ ይህ ጉድለት አይታወቅም። እስክስታ ላይ ግን ትከሻው ከሚርገበገብበት ቅጽበት እያንዳንዱ ሁለተኛ ይጎድላል፤ ተጨፋሪው ተዘልሎ እንደተነበበ ግጥም ይሆናል። መድኃኒቱ እያንዳንዱን ግማሽ ወደ ሙሉ ሥዕል አሳድጎ በሴኮንድ 50 አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ይህን የሚሠሩ ፕሮግራሞች በነፃ ስለሚገኙ ወጪ ሰበብ አይሆንም።

ሌላው በደል ማስፋት ነው። የድሮው ሥዕል ወርድና ቁመቱ 4 ለ 3፣ የዛሬው መስኮት 16 ለ 9 ነው። ጥቁሩ ዳር የሚያሳፍራቸው ለዋጮች ሥዕሉን ይለጥጡትና የዘፋኟ ፊት በሲሶ ይሰፋል፤ አለዚያም ከላይና ከታች ይቆርጡና ከቁመቱ ሩቡ ይጠፋል። የጉራጌ ጭፈራ ያለ እግር ምን ይተርፈዋል? የግጥምና የዜማ ደራሲው ስም የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ በዚያው በተቆረጠው ግርጌ ነበር። (ጥቁሩ ዳር ማንንም ጎድቶ አያውቅም።)

ለዋጩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ደንበኛው በስልክ የሚላክ ትንሽ ፋይል ይፈልጋል፣ ቶሎም ይፈልጋል። ጥፋቱ የሚጸናው ያችን ትንሽ ፋይል ይዞ ካሴቱን ሲጥል ነው። የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ማምረት እ.ኤ.አ. በ2016 አብቅቷል፤ የተረፉት እየተበላሹ ነው። በ2000ዎቹ ገበያውን የሞላው ቪሲዲም ሥዕሉን 352 በ288 ነጥብ አድርጎ፣ ሁለተኛውን ግማሽ አስቀርቶ ነበር የሚይዘው። ካሴቱ ጠፍቶ በቪሲዲ ብቻ የተረፈ ክሊፕ ወደ የትኛውም አዲስ ፎርማት ቢለወጥ ያ ትከሻ አይመለስም። ካሴቱ በሣጥን ውስጥ ያለ ከሆነ ግን 50ውም ግማሾች እዚያው ናቸው።