የሚቆረጠም ማካሮኒ

ከቲክቶክ የመጡ የምግብ ፋሽኖች ብዙዎቹ ዕድሜ የላቸውም፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የተዛመተው የፓስታ ቺፕስ ግን ሊቆይ ይገባዋል። ማካሮኒው መጀመሪያ ይቀቀላል፤ ጥሬውን ኤር ፍራየር ውስጥ ማስገባት ጥርስ መፈተን ነው። ውሃው በደንብ ከጠነፈፈ በኋላ በጥቂት ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርት ዱቄትና በተፈቀፈቀ ፓርሜዛን አይብ ይታሽና ኤር ፍራየር ውስጥ በ200 ዲግሪ 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ መሃል ላይ ቅርጫቱን ወዝወዝ ማድረግ አይረሳም። ማራገቢያው የሚያዞረው ትኩስ አየር የላዩን እርጥበት ያደርቀዋል፤ ያኔ እንደ ቆሎ ይቆረጠማል። እኔ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለውን አስበልጣለሁ፦ ክንፉ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ የተቆነጠጠው ወገቡ ግን ጠንከር ብሎ ጥርስን ትንሽ ያሠራል። ሚጥሚጣ የሚወድ ከወጣ በኋላ ይነስንስበት፤ አብሮ ከገባ ማራገቢያው ያቦነውና ቤተሰቡን በሙሉ ያስነጥሳል።