ኤክስ የተደረገባት መስኮት

የጄት አውሮፕላን ፖስትካርድ የሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ አንድ ሕግ አለ፦ ጀርባው ንጹህ የሆነ ካርድ ይበልጣል። ያልተጻፈበት፣ ቴምብር ያልተለጠፈበት፣ ጥጉ ያልታጠፈ። እኔም ሦስት ዓመት ያህል በዚህ ሕግ ስሰበስብ ቆይቻለሁ። አሁን ግን ሕጉ የተሳሳተ ይመስለኛል። ስለ ዋጋው አይደለም የምከራከረው። ካርዱ ምን ሥራ ለመሥራት እንደታተመ የዘነጋ ሕግ ስለሆነ ነው።

ለማያውቀው ትንሽ ላስረዳ። የጄት ዘመን ሲጀምር አየር መንገዶች የአውሮፕላኖቻቸውን ምስል በፖስትካርድ እያሳተሙ ለመንገደኛ በነፃ ያድሉ ነበር። ካርዱ ፊት ለፊት ባለው የወንበር ኪስ ውስጥ ይገኛል፣ ወይም አስተናጋጇ ትሰጣለች። አንዳንዶቹ እንዲያውም የተጻፈበትን ካርድ ተቀብለው ራሳቸው ፖስታ ቤት ያስገቡ ነበር። ማስታወቂያ ነው እንግዲህ፤ ግን ለማን እንደሚላክ የሚመርጠው መንገደኛው ነው። የዛሬው «ሼር አድርጉልን» ማለት ነው።

ፊቱን ካያችሁት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አውሮፕላኑ ከደመና በላይ በጎኑ ይታያል፣ የድርጅቱ ስም ከሩቅ ይነበባል፣ ሰማዩ ከእውነተኛው ሰማይ የበለጠ ሰማያዊ ነው። ሰው የለም። መሬትም ብዙ ጊዜ የለም። አንዳንዱ ጭራሽ ፎቶ አይደለም፣ ሥዕል ነው፤ አውሮፕላኑ ገና ከፋብሪካ ሳይወጣ የታተመ። ፎቶ የሆነውም በብሩሽ ተነካክቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ አፓርታማ ቢልቦርድ ላይ አምሮ እንደምናየው ማለት ነው። ድርጅቱ መሆን የሚፈልገው እንጂ የሆነው አይደለም።

ይሄ ማለት ግን ፊቱ ምንም እውነት የለውም ማለት አይደለም። አንዳንዴ ያሳተመው ድርጅት ራሱ የማያውቀውን እውነት ይይዛል። ዲ ሃቪላንድ ኮሜትን እንውሰድ። በሜይ 2 ቀን 1952 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዙ ቢ ኦ ኤ ሲ በኮሜት ከለንደን ወደ ጆሃንስበርግ በረረ። በዓለም የመጀመሪያው መደበኛ የመንገደኞች ጄት በረራ ነው። በሮም፣ በቤይሩት፣ በካርቱም፣ በኢንቴቤና በሊቪንግስተን እያረፈ ነበር የሚሄደው። የዚያን ዘመን የኮሜት ምስል ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው መስኮቶቹ ላይ ነው። ትልልቅ ናቸው፣ ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጉ። በ1954 ሁለት ኮሜቶች በሦስት ወር ልዩነት ጣሊያን አካባቢ አየር ላይ ተበታትነው ባሕር ውስጥ ወደቁ። ምርመራው የደረሰበት ምክንያት የብረት ድካም ነው። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል አካሉ በውስጥ ግፊት ይለጠጣል፣ ሲወርድ ይመለሳል። ይሄ ሲደጋገም አካሉ ላይ በተከፈቱት ቦታዎች ማዕዘን አካባቢ ብረቱ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ የመጡት ጄቶች መስኮታቸው ጥጉ የተጠጋጋ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። ካርዱ ላይ ሁሉም ነገር አምሮበት ተቀምጧል፤ ባጉም አብሮ አለ።

ስለዚህ ፊቱ ይነበባል፣ በደንብ ሲታይ ብዙ ያስተምራል። እዚህ ድረስ ከሰብሳቢዎቹ ጋር ነኝ። የተለያየነው በሌላ ካርድ ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720ቢ ካርድ አለኝ። 720ቢ ማለት የ707 አጠርና ቀለል ያለ ወንድም ነው፣ ባለ አራት ሞተር። አየር መንገዱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የተረከበው በ1962 መጨረሻ ነው። ልደታ የነበረው ማረፊያ ለጄት ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ፤ የድሮው ሰፈር እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ የሚጠራው ለዚህ ነው። ካርዱን ያገኘሁት ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በገዛሁት የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ተጣጥፎ ነው። መሃሉ ተሰብሯል። ከክንፉ ኋላ ካሉት መስኮቶች አንዷ ላይ ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጓል።

ጀርባው እንዲህ ይላል፦ «ለውድ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ገብቻለሁ። የመጣሁባት አውሮፕላን ይቺ ናት። ኤክስ ካደረግኩበት መስኮት ጋ ነበርኩ።» በቃ።

በኢንተርኔት ለተዋወቅኩት አንድ የውጭ አገር ሰብሳቢ ፎቶውን ላክሁለት። «ያሳዝናል፣ ባይሞነጫጨር ኖሮ ጥሩ ካርድ ነበር» አለኝ። እኔም በወቅቱ ተስማማሁ። ትምህርት ቤትም ኤክስ ማለት ስህተት ነው፣ ሌላ ትርጉም አልነበረኝም።

ቆይቼ ሳስበው ግን ያቺ ኤክስ ካርዱ ላይ ያለች ብቸኛ ሰው ናት። አሳታሚው መንገደኛውን ከምስሉ አውጥቶ ነበር፤ መንገደኛው በተራ እስክሪብቶ ተመልሶ ገባ። ይሄን ያህል ሰማይ ያለበት ምስል ላይ እናቱ የምትፈልገው ያቺን አንዲት መስኮት ብቻ እንደሆነ ያውቃል።

ደግሞ ደብዳቤው እንዴት እንደሚደርስ አስቡት። እኛ አገር ፖስታ በአብዛኛው ቤት ለቤት አይታደልም፣ የሚገባው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። ሳጥን የሌለው በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት በኩል ያስልካል። የኔ ካርድ አድራሻም «በእገሌ በኩል» የሚል ነው። ፖስትካርድ ኤንቨሎፕ የለውም፤ እናትየው እጅ እስኪገባ ድረስ ስንቱ አንብቦታል! እናትየው ራሷ ማንበብ የማትችል ከነበረች ደግሞ፣ በዚያ ዘመን ብዙ እናቶች እንደዚያ ነበሩ፣ ቃሉን ጮክ ብሎ የሚያነብላት ሰው ያስፈልጋታል። ኤክሷን ለማየት ግን ማንም አያስፈልጋትም። ብቻዋን ስትሆን አውጥታ ልታያት ትችላለች።

እንግዲህ ሕጉ የሳተው እዚህ ላይ ነው። ያኔ ጄት ላይ መሳፈር የጥቂቶች ነበር። ካርዱ ግን ነፃ ስለሆነ ቲኬት የማይደርስባቸው ቤቶች ድረስ ይሄድ ነበር። የታተመውም ለተሳፈረው አይደለም፤ እሱማ አውሮፕላኑን አይቶታል። የታተመው ለቀረው ሰው ነው። ንጹህ ካርድ ማለት ለቀረው ሰው ያልደረሰ ካርድ ማለት ነው። በንጹህ ካርድ ብቻ የተሞላ አልበም ያንን ዘመን የሚያሳየን ማስታወቂያ ክፍሉ ባየበት ዓይን ብቻ ነው።

በተቃራኒው የሚባለውንም አውቃለሁ። የአውሮፕላን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ቀለሙ፣ የምዝገባ ቁጥሩ፣ የመስኮቱ ቅርጽ በግልጽ መታየት አለበት፤ ስለ ኮሜት ያልኩትን ሁሉ ያልኩት ከንጹህ ምስል ነው። ሌላው ክርክር ይበልጥ ያስጨንቀኛል፦ የሰው ደብዳቤ ነው፣ ማን አንብብ አለህ? ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። የምችለው ስምና አድራሻውን ለማንም አለማሳየት ነው። ግን ጨርሶ ከመጥፋቱ መነበቡን እመርጣለሁ፤ ይሄን የምለው አንዱን ያጠፋሁት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ሰብሳቢ በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት የፓን አም 707 ካርድ ገዛሁ። 707 ለፓን አም በ1958 ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ መብረር የጀመረው አውሮፕላን ነው፤ ካርዱን ለመያዝ ጓጉቼ ነበር። ፊቱ እንከን የለውም። ጀርባው ላይ ግን በእርሳስ ሦስት መስመር በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ላጲስ አመጣሁና ቀስ ብዬ አጠፋሁት። በጣም ተጠንቅቄ ነው የሠራሁት፣ ወረቀቱ እንኳ አልተላጠም። ስለ ዝናብ የሆነ ነገር እንደሚል ትዝ ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ኮድ ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ፤ ያጠፋሁትን መመለስ ለምጃለሁ። ይሄ ግን ኮንትሮል ዜድ የለውም።

ካርዱን መብራት ሥር ዘንበል ሳደርገው እርሳሱ የተጫነበት ቦታ እስካሁን ይታያል። መኖሩ ይታያል እንጂ አይነበብም። አልበሜን በሁለቱም በኩል በሚያሳይ ላስቲክ ቀይሬዋለሁ። 707ቱን ያስቀመጥኩት በጀርባው ነው።