«የልጅ ነው» የሚለው ፍርድ፦ ስለ ሥዕላዊ ትረካና ስለ አዋቂ አንባቢው

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ ያሰበውን ርእስ ይዞ ቢሮዬ መጣ። ሊያጠና የፈለገው በተከታታይ ሥዕሎችና በጥቂት ቃላት የሚተረኩትን፣ በተለምዶ «ኮሚክ» የሚባሉትን ታሪኮች ነበር። ሐሳቡን በሦስት ገጽ አሳጥሮ ጽፎታል። እኔም ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጌ፣ «ይኼ የልጆች ነገር አይደለም ወይ? ጠንከር ያለ ልቦለድ ፈልግ» ብዬ መለስሁለት። ተማሪው አልተከራከረም። «እሺ መምህር» ብሎ ወጣ፤ ርእሱንም ለወጠ። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ አጭር መልሴ ነው። ለማፈር ደግሞ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። በዚያው ሰሞን ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር «ቶምና ጄሪ»ን ተቀምጬ አይ ነበር፤ ልጆቹ ከተኙም በኋላ አይቻለሁ። በር ሲንኳኳ ጣቢያውን ወደ ዜና የምለውጠው እኔው ነበርሁ።

እንደሚታወቀው ሂስ ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ ማስረጃ ይሻል። «ትልሙ ልል ነው» ወይም «ገጸ ባሕርያቱ ሕይወት የላቸውም» ስንል ወደ ድርሰቱ ተመልሰን ማሳየት ይጠበቅብናል። «የልጅ ነው» ስንል ግን ድርሰቱን መክፈት እንኳ አያስፈልገንም። የምንዳኘው ሥራውን ሳይሆን አንባቢውን ነውና። አማርኛችንም ለዚህ ፍርድ ይመቻል። ከልጅነት ያለፈውን ሰው «አዋቂ» እንለዋለን፤ ያወቀ፣ የሚያውቅ ማለት ነው። በመሆኑም አንድ የአርባ ዓመት ሰው በካርቱን ፊልም ሲስቅ ብናገኘው፣ ዕድሜውና የሚያየው ነገር አለመመጣጠናቸው ብቻ ሳይሆን ሰውየው አንድ ነገር ሳያውቅ የቀረ መስሎ ይሰማናል። «ኮሚክ» የሚለው ቃልም በእኛ አፍ ቀልደኛ ሰው ማለት ሆኗል። «ኮሚክ አነባለሁ» የሚል ጎልማሳ ገና ሲጀምር የሚቀልድ ይመስላል።

ይሉኝታ ግን ለሁሉም ጨዋታ እኩል አይሠራም። ትዳር የመሠረተ፣ ልጅ ያሳደገ ሰው የአርሰናልን መለያ ለብሶ ቢዞር፣ ቡድኑ በተሸነፈ ማግስት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አኩርፎ ቢውል፣ የሚያጽናናው ወይም የሚያበሽቀው እንጂ «መቼ ነው የምታድገው?» የሚለው የለም። ገበጣ የሚጫወቱ ሽማግሌዎችንም ማንም አይነቅፍም። ኳስም ገበጣም በልጅነት የሚለመዱ ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ያለው በጨዋታው ሳይሆን በአጃቢው ነው። ኳስ በጋራ ይታያል፤ ገበጣም ተጋጣሚ ይፈልጋል። ኮሚክ የሚያነብ፣ ቴምብር የሚሰበስብ ወይም የአሻንጉሊት ባቡር የሚገጣጥም ጎልማሳ ግን ለብቻው ነው የሚደሰተው። ለብቻው የሚደሰት ሰው ደግሞ ያጠራጥረናል።

የካርቱን ፊልም የልጅ ሆኖ አልተወለደም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዊልያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ በ1940 ድመቷንና አይጧን ሲፈጥሩ የሠሩት ለሲኒማ ቤት ነበር። አጫጭሮቹ ፊልሞች ከዋናው ፊልም በፊት፣ ትልቁም ትንሹም በተቀመጠበት አዳራሽ ይታዩ ነበር። ሰባቱን የኦስካር ሽልማቶች ያገኙትም በዚያ ዘመን ነው። ኤም ጂ ኤም የካርቱን ስቱዲዮውን በ1957 ዘጋ። በ1960ዎቹ ፊልሞቹ ጥቂት ማስተካከያ እየተደረገባቸው በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቅዳሜ ጠዋት፣ ለልጆች በተመደበው ሰዓት መታየት ጀመሩ። በዋናነት የተለወጠው የሚታዩበት ሰዓት ነው። እኛ ግን ሰዓቱን አይተን ስለ ድርሰቱ ፈረድን።

የኮሚክ መጽሔቶች ታሪክ ከዚህ ይብሳል። በ1954 ፍሬድሪክ ወርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ሕፃናትን ወደ ወንጀል ይመራል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ በኒው ዮርክ ጉዳዩን መረመረ፤ ሐኪሙም ቀርቦ ቃሉን ሰጠ። (ወርታም ክፉ ሰው አልነበረም። በሃርለም ለጥቁር ድኾች ክሊኒክ ከፍቶ ያገለገለ ሰው ነው። ይሁንና ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ ማኅደሩን መርምራ፣ የሕፃናቱን ቃል ለክርክሩ እንዲመች አድርጎ እንደለዋወጠ በ2012 አሳይታለች።) አሳታሚዎቹ የመንግሥት ሕግ እንዳይመጣባቸው ፈርተው በ1954 መጨረሻ ራሳቸው ደንብ አወጡ። በደንቡ መሠረት በማንኛውም ታሪክ ውስጥ መልካሙ ክፉውን ማሸነፍ፣ ወንጀለኛውም መቀጣት አለበት። ደም መጣጭና በድኑ የሚንቀሳቀስ ሙት አይሣልም። እንዲህ ያለ ደንብ በእኛ ሥነ ጽሑፍ ላይ ቢወጣ ኖሮ ሐዲስ ዓለማየሁ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጨረሻ ማስተካከል ሊኖርባቸው ነበር። እንግዲህ አንድን ጥበብ በሕግ ለልጅ ልክ ካሳነሱት በኋላ ያልበሰለ ነው ብሎ መክሰስ፣ አጭር ልብስ አስፍቶ አልብሶ «ለምን አጠረህ?» እንደማለት ነው። የመጨረሻዎቹ ትልልቅ አሳታሚዎች ደንቡን የተዉት በ2011 ነው።

ይህን የሚያነብ ባልደረባዬ የአርት ስፒገልማንን «ማውስ» ቢያነሣልኝ አይደንቀኝም። አባቱ ከናዚ እልቂት የተረፈበትን ታሪክ፣ አይሁዶችን በአይጥ፣ ጀርመኖችን በድመት መስሎ የተረከው ይህ ሥራ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። የኮሚክ ጠበቆች ሁሉ የሚጠሩት ምስክር ነው። እኔ ግን ይህን መከላከያ አልወደውም። ኮሚክ ሊከበር የሚችለው እልቂትን የመሰለ ከባድ ጉዳይ ሲሸከም ብቻ ነው የሚል እምነት ከውስጡ አለና። ደግሞም ስፒገልማን ድመትና አይጥን ከየት አመጣቸው? አንባቢው ድመት አይጥን ስታባርር እያየ የሳቀበት የረጅም ጊዜ ልማድ ባይኖር ኖሮ «ማውስ»ን ሲያነብ ያ ሳቅ ጉሮሮው ላይ ባልቀረ ነበር። «ማውስ»ን አክብሮ «ቶምና ጄሪ»ን የሚንቅ ሐያሲ ፍሬውን እየበላ ሥሩን ይቆርጣል። በ2022 መጀመሪያ በቴነሲ ክፍለ ግዛት የአንድ አውራጃ የትምህርት ቦርድ ይህንኑ መጽሐፍ ከስምንተኛ ክፍል ማስተማሪያነት አስወጥቶታል፤ ለልጆች የማይገባ ቃልና ሥዕል አለበት በማለት። ለአዋቂ ሕፃናዊ ነው የተባለ ጥበብ ለሕፃናት ደግሞ አዋቂ ሆነ ማለት ነው። ኮሚክ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ብዙው ተደጋጋሚና ርካሽ ነው፤ እንደ ብዙው ልቦለድ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በሸራ ላይ ተሥሎ ይሸጣል። ብዙ ጊዜ 44 ክፍሎች አሉት። ክፍሎቹ እንደ መጽሐፍ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ፤ ለየክፍሉም አጭር የአማርኛ መግለጫ ተጽፎለታል። ዘንዶው ከሚገዛበት ዘመን ተነሥቶ ወደ ምኒልክ ይወርዳል። ይህን ሥዕል ሳሎኑ ውስጥ የሰቀለን ሰው «የልጅ ነገር ሰቀልህ» ያለው አልሰማሁም። የአንዱን ቦታ አሠራር ብቻ እንመልከት። ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ምግብ ያበላታል፤ ከቤቱ ያለ ፈቃዱ አንዳች እንዳትወስድ ያስምላታል። ሌሊት ንግሥቲቱ ተጠምታ ውሃውን ታነሣለች። በሚቀጥለው ክፍል ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ናቸው። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለው አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ናት። መሐላው የፈረሰው፣ ክርክሩ የተካሄደው፣ እሺታው ወይም እንቢታው የተነገረው በዚያች መስመር ውስጥ ነው። «ክብረ ነገሥት» ይህን በንግግር ይነግረናል፤ ሠዓሊው ግን ለተመልካቹ ትቶታል። ሕፃን እዚህ ላይ ውሃና አልጋ ያያል፤ ቀሪውን የሚሞላው አዋቂ ነው። ሥዕላዊ ትረካ አንባቢውን አያሠራውም የሚለው ክስ በእኔ ግምት እዚህች መስመር ላይ ይወድቃል።

«ሥዕል የተሣለው ንባብ ለማያውቀው ምእመን ነው» የሚል መልስ ሊቀርብ ይችላል። ለቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎች በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን በጎንደር ዘመን በነገሥታትና በመኳንንት ትእዛዝ የተዘጋጁት ባለ ሥዕል የብራና መጻሕፍት ለማን ነበሩ? በአጠገባቸው ሊቃውንት ሞልተዋቸው ነበር። «ላልተማረ ነው» እና «ለልጅ ነው» በተለያየ ዘመን የተነገሩ ቢሆኑም ፍርዱ አንድ ነው።

ተማሪው በሐሳቡ ካካተታቸው ሥራዎች አንዱ በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው «ጀምበር» ነበር። ባለታሪኩ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ በዚያው ፍለጋው ላይ ሳለ ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ያገኛል። ልዕለ ኃያሉ ጀግና ከአሜሪካ የተዋስነው አምሳል መሆኑ ግልጽ ነው፤ ብድሩ ምን ያህል እንደ ተዋሐደን ለክርክር የሚበቃ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ዲግሪ ይዞ ሥራ ማጣት በየትኛውም መለኪያ የሕፃን ችግር አይደለም። ክርክሩን ለመክፈት ደግሞ መጀመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል፤ እኔ ርእሱን ሳስለውጥ መጽሐፉን አላነበብሁትም ነበር።

ተማሪው በአንድ ልቦለድ ላይ ጽፎ ተመርቋል፤ ውጤቱም መልካም ነበር። ሦስቱ ገጾች ግን እኔው ዘንድ ቀርተዋል። በሁለተኛው ገጽ ግርጌ በእርሳስ የተጻፈ ጥያቄ አለ፦ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሚቀጥለው ስናልፍ ስንት ጊዜ እንዳለፈ የሚወስነው ማን ነው? ስለ ንግሥተ ሳባ ሥዕል ከላይ ያቀረብሁት ንባብ የመጣው ከዚህ ጥያቄ ስለሆነ፣ ምስጋናው የተማሪው ነው።