ለሞዴል አውሮፕላን የሚሆን ባትሪ አመራረጥ፤ አጭር ትችት

በራዲዮ ለሚመሩ ሞዴል አውሮፕላኖች ባትሪ ሲመረጥ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው «ስንት ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል?» ተብሎ ነው። ይህ አጠያየቅ የተሳሳተ ይመስለናል። ቁጥሩ የሚነግረን ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ እንጂ፣ ሰርቮዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲስቡ ቮልቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚወርድ አይደለም። አውሮፕላኑን የሚጥለው ግን ይኸው የቮልት መውረድ ነው።

ስሌቱን እንመልከት። አራት የኒኬል ሴሎች 4.8 ቮልት ይሰጣሉ። የባትሪው፣ የሽቦው፣ የማብሪያውና የመሰኪያው ሬዚስታንስ ባንድነት 0.2 ኦም ቢሆንና ሰርቮዎቹ 8 አምፔር ቢስቡ፣ 1.6 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ለተቀባዩ ራዲዮ የሚደርሰው 3.2 ቮልት ብቻ ነው። 3.5 ቮልት የሚያስፈልገው የ2.4 ጊጋኸርዝ ተቀባይ በዚህ ሥራውን ያቋርጣል፤ ቮልቱ ቢመለስም እንደ ገና እስኪነሣ ድረስ ሞዴሉ ያለ መሪ ይበራል። ሁለት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴሎች ግን፣ ሰርቮዎቹ 6.6 ቮልት የሚችሉ ከሆነ፣ በዚሁ ስሌት 5 ቮልት ያደርሳሉ።

ለተቀባዩ ሁለተኛ ባትሪ መጫን ያልወደደ ሰው ከሞተሩ ባትሪ ቮልት ቀንሶ በሚያካፍል መሣሪያ ይጠቀማል። ክብደት መቆጠቡን አንነቅፍም። ነገር ግን የቆየው ዐይነት መሣሪያ ትርፉን ቮልት በሙቀት ያባክነዋል፤ ከ11.1 ወደ 5 ቮልት እያወረደ 2 አምፔር ሲሰጥ 12 ዋት ያህል ሙቀት ይሆናል፤ ይህም የትንሽ መበየጃ ግለት ነው። ሻጩ «3 አምፔር» ብሎ ሲጽፍ፣ በስንት ቮልት መግቢያ እንደ ተለካ ካልገለጸ ቁጥሩን ለመቀበል እንቸገራለን። በተቀባዩ መሰኪያ ላይ ቮልት መለኪያ አድርጎ፣ ሰርቮዎቹን ሁሉ ባንድነት እያንቀሳቀሱ በመሬት ላይ ማየቱ ከዚህ ጽሑፍ ይልቅ ይታመናል።